በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የሚፈስ አፍንጫ፦ ሳይነስ ነው ወይስ አለርጂ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 36 ዓመቴ ነው። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ሚኒባስ እነዳለሁ። ክረምቱ ወጣ ከተባለ ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ አፍንጫዬ አያርፍም። ጠዋት ጠዋት በተከታታይ አስነጥሳለሁ፤ ዓይኔንም ላንቃዬንም ይበላኛል፤ የሚወርደው ንጹህ ውሃ ነው። ሸዋ ሮቢት ስወርድ ይሻለኛል። ደብረ ሲናን አልፌ ጣርማ በር ስደርስ ግን እንደ ቧንቧ ይለቀቃል። ሳይነስ ነው ተብዬ አሞክሳሲሊን ሦስት ዙር ጨርሻለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ከፋርማሲ የገዛሁትን የአፍንጫ ጠብታ ካላደረግሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ክሎርፌኒራሚን ሰጥተውኝ መሪ ላይ ሊጥለኝ ሲል ተውኩት። ቤታችን የሚጋገረው በኩበት ነው፤ የምለብሰው የመንዝ ባና ነው። አንዱ ደግሞ “አፍንጫህ ውስጥ ስጋ በቅሏል፣ በኦፕሬሽን ይነሳልሃል” አለኝ። እውነት ነው? ወደ አስምስ ይቀየራል ይባላል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ሲጽፉ ሳያውቁት የምርመራውን ግማሽ ሠርተውልኛል። መብላት ወይም ማሳከክ፣ በተከታታይ ማስነጠስ፣ የቀጠነ ውሃ፣ በየዓመቱ በአንድ ወቅት መመለስ። እነዚህ አራቱ ሲገጣጠሙ የአንገት በላይ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው የአፍንጫ አለርጂን ነው። ሳላይዎት “ይሄ ነው” ብዬ አልፈርምም። የጻፉልኝ ነገር ግን ሳይነስን አይመስልም።

እኛ አገር አፍንጫው የታፈነበት፣ ግንባሩን የከበደው፣ ብርድ የማይስማማው ሁሉ “ሳይነስ አለብኝ” ይላል። በባክቴሪያ የሚመጣ የሳይነስ ኢንፌክሽን ግን መልኩ ሌላ ነው። ፈሳሹ ወፍራምና መግል የመሰለ ይሆናል። ጉንጭ ወይም ግንባር ያማል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ይብሳል፤ ጎንበስ ሲሉ ይጠዘጥዛል። ትኩሳት ሊኖረው ይችላል። ወይ ከ10 ቀን በላይ ምንም ሳይሻል ይቆያል፣ ወይ ተሻለኝ ሲሉ እንደገና ይነሳል። ዓይንና ላንቃን ግን አይበላም። ጉንፋን ቢሆን ደግሞ በሳምንት፣ ቢበዛ በ10 ቀን ገደማ ለቆ ይሄዳል እንጂ አራት ወር አይከርምም።

አሞክሳሲሊኑ ያልሠራው ለዚህ ነው። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ ይገድላል፤ አለርጂ ውስጥ የሚገደል ባክቴሪያ የለም። “ስወስደው እኮ ተሽሎኝ ነበር” የሚሉኝ አሉ። አለርጂ በራሱ ቀን ረገብ፣ በራሱ ቀን ጠንከር ይላል። ረገብ ባለበት ሳምንት ክኒን ከተዋጠ ምስጋናው ለክኒኑ ይሆናል። ፈሳሹ አንዳንድ ቀን ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑም ለብቻው አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። አራተኛ ዙር እንዳይጀምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እርስዎ ላይ የማየው አንድ ችግር ሳይሆን የተደራረቡ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አለርጂው፣ ብርዱና ጠብታው። ሦስቱን ካልለየናቸው አንዱን ስናክም ሌላው እየጎተተ ይመልሰናል።

አለርጂው ከምን ይነሳል? ሰው ሁሉ አደይ አበባን ይከሳል፤ መስከረም ላይ ሜዳውን ቢጫ የምታደርገው እሷ ናትና። እኔ ግን ጠበቃዋ ነኝ። እንደ አደይ ያሉ ደማቅ አበቦች ዱቄታቸው ከባድና የሚጣበቅ ነው፤ ከአበባ አበባ የሚያደርሱት ንቦች ናቸው። ነፋስ ይዞት አፍንጫዎ ድረስ የሚመጣው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የሳር አበባ ነው። ሳር የሚያብበው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ዱቄቱ ቀላልና ደቃቅ ስለሆነ በነፋስ ሩቅ ይሄዳል። ጥድም በነፋስ የሚራባ ዛፍ ነው። ባህር ዛፍም እንደ አደይ አበባ አብዛኛውን ሥራ ለንብ ስለሚተው ከሚጠረጠረው ያነሰ ጥፋት ነው ያለበት። የእንቁጣጣሽና የመስቀል ቄጠማ ግን ይጠርጠር። ሜዳ ላይ የነበረውን ሳር ቤት ውስጥ አስገብቶ መጎዝጎዝ ነው። ሲደርቅ ደግሞ አቧራና ሻጋታ ይጨምራል። በዓሉን አልነካብዎትም። በማግስቱ ግን ይጠረግ፤ የሚጠርገውም ሌላ ሰው ይሁን።

የሳሩ አበባ ሲያልቅ አፍንጫዎ ማረፍ ነበረበት። እርስዎ ግን እስከ ጥር ይሰቃያሉ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ከኅዳር ጀምሮ አጨዳና ውቂያ ነው። ገብሱ፣ ስንዴው፣ ባቄላው ሲወቃ የሚነሳው ብናኝ ውስጥ የገለባ ስባሪ ብቻ ሳይሆን የሻጋታ ዘርም አለ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አውድማ ነው፤ ጣሪያ ላይ ጭድ ወይም እህል የሚጫንበት ቀንም አለ። ኅዳር 12 ሲታጠን ደግሞ የከተማው ጢስ ይጨመርበታል። በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ ለማባረር የተጀመረ ልማድ ነው። በሽታው ኃይለኛ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር። ዛሬ ጢሱ የተቆጣን አፍንጫ ይበልጥ ከማስቆጣት በቀር ለጉንፋን የሚያደርገው ነገር የለም። ጢስ ራሱ አለርጂ አይደለም፤ የሚያቃጥል ነገር ነው። አለርጂ ያለበት አፍንጫ ግን ትንሽ ነገር ይበቃዋል። የቤትዎ ኩበትም፣ የቡና እጣኑም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ።

ሁለተኛው ብርዱ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፤ ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። እርስዎ በአንድ ጠዋት ከሙቀት ወደ ውርጭ ይወጣሉ። የአፍንጫ ሥራ የሚገባውን አየር ማሞቅና ማርጠብ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሲመጣበት ዕጢዎቹ ውሃ ያመነጫሉ። ጤነኛ ሰውም ጣርማ በር ላይ ከመኪና ሲወርድ አፍንጫውን ይጠርጋል። እርስዎ ጋ የሚብሰው ሽፋኑ አስቀድሞ በአለርጂ ስለተቆጣ ነው። ይህን ለይቼ የምነግርዎት ያለ ነገር አይደለም። በብርድ የሚመጣው ፍሳሽ አይበላም፣ ብዙም አያስነጥስም፤ የአለርጂ ክኒንም ያን ያህል አያቆመውም። ክኒኑን ውጠው ጣርማ በር ላይ አፍንጫዎ ቢፈስ “መድኃኒቱ አልሠራም” ብለው እንዳይጥሉት ነው። ለዚህኛው የሚሻለው መሃረብ፣ ስካርፍ ወይም የጋቢውን ጫፍ አፍንጫ ላይ መጠምጠም ነው። የሚያስወጡት ትንፋሽ ጨርቁን ያሞቀዋል፤ የሚስቡት አየር ሞቅና ረጠብ ብሎ ይገባል። አያቶቻችን ለውርጭ ሲሸፋፈኑ ትክክል ነበሩ። በጣም ካስቸገረ ኢፕራትሮፒየም የሚባል የአፍንጫ ርጭት አለ፤ እሱ በሐኪም ትእዛዝ ነው።

ሦስተኛው፣ አሁን ቶሎ መታረም ያለበት፣ ጠብታው ነው። ስሙን አልጻፉልኝም። “ካላደረግሁ እንቅልፍ አይወስደኝም” ማለትዎ ግን አፍንጫ ከፋች ከሚባሉት፣ ከዛይሎሜታዞሊን ወይም ከኦክሲሜታዞሊን ወገን መሆኑን ይነግረኛል። ጠርሙሱ ላይ ያንብቡት። እነዚህ ጠብታዎች ያበጠውን የደም ሥር አጥብበው በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫን ይከፍታሉ፤ ለዚህ ነው የሚወደዱት። ከ3 እስከ 5 ቀን በላይ ሲቆዩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጠብታው ኃይል ሲያልቅ አፍንጫው ከመጀመሪያው ብሶ ያብጣል። ሰው ደግሞ ይጨምራል፤ ደግሞ ይታፈናል። ሌሊት ሌሊት የሚያፍንዎት ምናልባት አለርጂው ሳይሆን ራሱ ጠብታው ነው።

እንዴት ይተዉት? በአንድ ሌሊት ቁርጥ ማድረግ የሚችል ይቁረጥ። ካልቻሉ በአንድ ወገን ይጀምሩ። ለምሳሌ ቀኙን ዛሬ ያቁሙ፣ ግራውን ለጊዜው ይቀጥሉ። ቀኙ መተንፈስ ሲጀምር ግራውንም ያቁሙ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ትራስ ከፍ ማድረግ ይረዳል። አንድ ሁለት ሳምንት ሲሆነው አብዛኛው ሰው ይገላገላል። በዚያ ሰሞን የሚያሻግርዎት ደግሞ ቀጥሎ የምነግርዎት መድኃኒት ነው።

ለእርስዎ ዓይነት አለርጂ ከሁሉ የሚሻለው የስቴሮይድ የአፍንጫ ርጭት ነው። ፍሉቲካሶን፣ ሞሜታሶን፣ ቡዴሶናይድ፣ ቤክሎሜታሶን የሚባሉ አሉ፤ ከመካከላቸው ያገኙት ይበቃል። ስቴሮይድ ሲባል የሚደነግጥ ሰው አለ። የርጭቱ መጠን በጣም ትንሽ ነው፣ ሥራውም እዚያው አፍንጫ ውስጥ ነው። “አንድ መርፌ ተወግቼ ዓመቱን ተገላገልኩ” ከሚባለው ጋር አያምታቱት። የስቴሮይድ መርፌ መላ ሰውነት ውስጥ ይገባል፤ ስኳር ይጨምራል፣ ሲደጋገም አጥንት ያሳሳል። ለአፍንጫ ፍሳሽ ብለው አይወጉት።

ርጭቱ እንደ ጠብታው ወዲያው አይከፍትም። ሰው የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየው በየቀኑ ከተወሰደ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ለአዋቂ ሰው የፍሉቲካሶን የተለመደው አጀማመር በቀን አንድ ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሁለት ርጭት ነው። ሲሻልዎት ወደ አንድ አንድ ይወርዳሉ።

አረጫጨቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። አልሠራልኝም ብሎ የሚመጣን ሰው “እስቲ እዚሁ ፊቴ ያድርጉት” ስለው፣ ብዙዎቹ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ጫፉን ወደ መሃል አዙረው፣ ትልቅ ትንፋሽ ይስቡና ይውጡታል። መድኃኒቱ ሆድ ገባ ማለት ነው። ትክክለኛው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀስ ብለው ይናፈጡ። ጠርሙሱን ይወዝውዙት፤ አዲስ ከሆነ ጥሩ ጉም እስኪወጣው አየር ላይ ይርጩ። ራስዎን ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ያድርጉ፣ ጫማዎን እያዩ። ጠርሙሱን በቀኝ እጅ ይዘው ግራውን ቀዳዳ፣ በግራ እጅ ይዘው ቀኙን። እጅዎን ማቀያየርዎ ጫፉን በራሱ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ያዞርልዎታል። የመሃሉን ግድግዳ አይምቱ፤ የሚደማው ሲመታ ነው። እየረጩ ቀለል አድርገው በአፍንጫ ይሳቡ፣ በአፍ ያስወጡ። ጣዕሙ ጉሮሮዎ ላይ ከመጣ ኃይለኛ ስበዋል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀነስ ያድርጉ።

ከርጭቱ በፊት በጨው ውሃ መታጠብ ትልቅ እገዛ አለው። ውቂያ ባለበት መንገድ ውለው ማታ ሲገቡ ብናኙን ያወጣልዎታል። ለግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡና ለብ ሲል ይጠቀሙ። ካቃጠለ ጨዉን ይቀንሱ። ጎንበስ ብለው በአንዱ ቀዳዳ በንጹህ ሲሪንጅ ያለ መርፌ ቀስ ብለው ያስገቡ፤ በሌላው ይወጣል። ውሃውን ግን በደንብ ያፍሉት። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። “ፈላ” ብሎ ማውረድ አይበቃም፤ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ያልፈላ ውሃ አፍንጫ ውስጥ ማስገባት ለአደገኛ ጀርም በር መክፈት ነው።

ወደ ክኒኑ ልለፍ። ክሎርፌኒራሚንን መተውዎ ተገቢ ነበር። የድሮዎቹ የአለርጂ ክኒኖች አንጎል ውስጥ ስለሚገቡ ያስተኛሉ፤ ማታ የተዋጠው በማግስቱም ሊያፈዝ ይችላል። የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ለሚነዳ ሰው፣ ከኋላው ተሳፋሪ ለጫነ ሰው፣ አይታሰብም። ሎራታዲን 10 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ይሻልዎታል። ሴትሪዚንም ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ድብት የማድረግ ነገር አለው። የትኛውንም ቢሆን መጀመሪያ የሚሞክሩት ሥራ በሌለዎት ቀን፣ ማታ ነው። ክኒኑ ለማስነጠሱና ለመብላቱ ይሠራል፤ ለመታፈኑ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ርጭቱን አይተካም። የሚጾሙ ከሆነ ማታ መውሰዱ ከጾሙም ጋር አይጋጭም። ለጉንፋን እየተባሉ የሚሸጡ ቅይጥ ክኒኖችን ግን ሳያነቡ አይውሰዱ። አንዳንዶቹ የሚያስተኛ መድኃኒት አለባቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የደም ግፊት ይጨምራሉ።

ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርትስ? አልጠየቁኝም፤ ቤት ውስጥ እንደሚኖሩ ግን አውቃለሁ። ሻይ ወይም ቡና ላይ ጣል አድርጎ መጠጣት ደስ ካለዎት ይጠጡ። ጨምቆ አፍንጫ ውስጥ ማንጠባጠብ ግን ይቅር፤ የተቆጣን ሽፋን ያቃጥላል። የባህር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠንም ለጊዜው የተከፈተ ይመስላል እንጂ አለርጂውን አይነካውም። ድስት ላይ ተደፍተው ፊታቸውን የተቃጠሉ ሰዎች አክሜያለሁ።

ባናውን ጣሉት አልልዎትም። በደብረ ብርሃን ብርድ ያለ ባና እደር ይባላል እንዴ! ሱፉ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ውስጡ የሚከማቸው አቧራና በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ናቸው ችግሩ። ከሥሩ አንሶላ ወይም ነጠላ ያድርጉ፤ አንሶላውን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይጠቡት። ባናውን ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ ገመድ ላይ እንጂ ሳር ላይ አይሁን። የሚያራግፈውም እርስዎ አይሁኑ። ኩበቱን በተመለከተ ማድ ቤቱ ከመኝታው ከተለየና ጭስ መውጫ ካለው ብዙ ነገር ይቀላል። ይሄ ለባለቤትዎ ሳንባም ነው፤ ከእርስዎ በላይ ጢሱን የምትስበው እሷ ናት። መኪናው ውስጥ ዳሽቦርዱንና ምንጣፉን በደረቅ ጨርቅ ሳይሆን በእርጥብ ይጥረጉ። አውድማ አጠገብ ሲያልፉ መስኮት ይዝጉ፤ ጭድ ሲጫን ማስክ ያድርጉ።

“ስጋ በቅሏል” ለተባሉት። በእያንዳንዱ ሰው አፍንጫ ውስጥ፣ በግራና በቀኝ፣ የተፈጥሮ ስጋ አለ። አየሩን የሚያሞቀው እሱ ነው። በአለርጂ ሲያብጥ ቀዳዳውን ስለሚሞላ በባትሪ ያየ ሰው የበቀለ ይመስለዋል። እብጠቱ በርጭቱ ይቀንሳል። ፖሊፕ የሚባል እውነተኛ ብቃይም አለ፤ ግራጫ መልክ አለው፣ ብዙ ጊዜ ማሽተትን ይቀንሳል። እሱም ቢሆን መጀመሪያ የሚሞከርለት መድኃኒት ነው። ርጭቱን በትክክል ሁለት ሦስት ወር ሳይጠቀሙ ስለ ኦፕሬሽን አያስቡ። ኦፕሬሽን ቀዳዳውን ያሰፋ ይሆናል እንጂ አለርጂውን ቆርጦ አያወጣም።

አስሙን በተመለከተ፣ አፍንጫና ሳንባ አንድ የአየር መንገድ ናቸው። አለርጂው “ይቀየራል” ከማለት አብረው የሚሄዱ ናቸው ማለት ይሻላል። የአፍንጫ አለርጂ ያለበት ሰው ለአስም ከሌላው ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ሁሉም ግን አይያዝም። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሳል፣ ደረት ላይ ሲር ሲር የሚል ድምፅ፣ ዳገት ላይ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ካለ ይመርመሩ። አስም ካለ፣ አፍንጫውን በደንብ መያዝ አስሙንም ያቀላል።

ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ የሚያስሄዱ ምልክቶችም አሉ። ፍሳሹ ሁልጊዜ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ፣ ደም ከቀላቀለ፣ ዓይን ዙሪያ ካበጠ ወይም እይታ ከደበዘዘ፣ ጭንቅላት ከተመቱ በኋላ ጎንበስ ሲሉ በአንድ ወገን ንጹህ ውሃ ጠብ ጠብ ካለ፣ አይጠብቁ። ልጆች ላይ የአንድ ወገን የሚሸት ፍሳሽ ካለ ባቄላ ወይም ሽምብራ ከትተው እንደሆነ ይጠርጥሩ። ከምንጭ ወይም ከወራጅ ውሃ ተጎንብሶ የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀዳዳ ደም ደም ካለው ደግሞ አልቅት ሊሆን ይችላል። በወረዳዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቤት ውስጥ ለማውጣት አይታገሉ።

ለሚመጣው ዓመት ርጭቱን አፍንጫዎ እስኪፈስ ጠብቀው አይጀምሩ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ሳሩ ከማበቡ በፊት ይጀምሩትና ውቂያው እስኪያልቅ ይቀጥሉ። ዘንድሮ ግን ርጭቱን አንድ ወር በትክክል ተጠቅመው ካልተሻለዎት የአንገት በላይ ሐኪም ይይዎት። ሲሄዱ የጠብታውን ጠርሙስና እስካሁን የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ካርቶን ይዘው ይሂዱ።